ልጇ በሱሪና በጃኬት ምክንያት ከትምህርት ቤት በር ለተመለሰባት የኮምቦልቻ እናት

ሰላም ላንቺ ይሁን እህቴ። ጥያቄሽን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት፣ ለሌላው ሰውም እንዲገባው ባጭሩ ላስታውሰውና ወደ መልሴ ልግባ። ልጅሽ 8ኛን ጨርሶ ዘንድሮ 9ኛ ለመማር ከኮምቦልቻ ደሴ አክስቱ ጋ ገብቷል፣ ዩኒፎርሙን ግን አክስቱ በቴሌግራም በላከችልሽ ፎቶ ቀለሙን አይተሽ እዛው ኮምቦልቻ አሰፋሽለት። ትምህርት ሲጀመር ሱሪው ጠባብ ነው ተብሎ ከበር ተመለሰ፣ ቀጥሎ ደግሞ በላዩ በደረበው ጥቁር ጃኬት ተመለሰና "ወላጅ ይዘህ ና" ተባለ። አንቺ ኢንዱስትሪ ፓርክ በፈረቃ ስለምትሰሪ አንድ ቀን ቀረሽ ማለት ከደሞዝሽ ተቆረጠ ማለት ነው። እንዲህ ማድረግ መብታቸው ነው ወይ፣ ሌላ ማሰፋት አለብኝ ወይ፣ መንፈቁ ላይ ወደ ደሴ ለማመጣት የ7ኛ ክፍል ልጄስ ሂጃብ ምን አይነት ልግዛ ብለሻል።

እኔ ደሴ ውስጥ መጀመሪያ በመምህርነት ኋላም በዩኒት ሊደርነት የሰራሁ ሰው ነኝ፣ ዩኒት ሊደር ማለት ደግሞ ጠዋት ጠዋት በር ላይ የሚቆመው ሰውዬ ነው፣ ስለዚ የጠየቅሽው ነገር የእለት ስራዬ ነበር ማለት ይቻላል።

ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽ። ዩኒፎርም ይልበስ ማለት መብታቸው ነው፣ ሱሪው እንዲህ ይሁን ሹራቡ እንዲህ ይሁን ማለትም መብታቸው ነው፣ በዚ አትከራከሪ ትደክሚያለሽ። ልጁን ከበር ወደ መንገድ መመለስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ መናገር ያለብሽ እሱ ላይ ነው። ብዙ ወላጅ ተገላቢጦሹን ነው ሚያደርገው፣ ይመጣል ስለ ሱሪው ይጨቃጨቃል፣ ይቆጣል፣ ይሄዳል፣ ልጁ ስላመለጡት ክፍለ ጊዜዎች ግን አንድ ቃል ሳይናገር።

ለመላው አገር አንድ ቀለም አንድ ስፌት ሚል ነገር የለም። አብዛኛውን ጊዜ ትምህርት ቤቱ ከወላጅ መምህር ህብረቱ (ወመህ ምንለው፣ አሁን ተማሪም ተጨምሮበት ወተመህ ሆኗል) ተስማምቶ ይወስናል፣ ከዛ ክረምት ላይ በምዝገባ ሰሞን በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፋል። ችግሩ እዚህ ጋ ነው ሚጀምረው። ማስታወቂያው "ሰማያዊ ሱሪ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ሰማያዊ ሹራብ" ብሎ ያበቃል፣ የሱሪው ስፋት ስንት እንደሆነ፣ ጃኬት መደረብ ይቻል አይቻል፣ ሹራቡ አርማ ይኑረው አይኑረው አይጽፍም፣ ወላጁ ባወቀው ያሰፋል፣ መስከረም ላይ ያልተጻፈው ህግ በር ላይ ይወጣል። እኔ ሁሌም ምለው ነው፣ በጽሁፍ ያልነገርከውን ህግ መጀመሪያ ትነግራለህ፣ ጊዜ ትሰጣለህ፣ ከዛ ነው ምትጠይቀው። ስለዚ መጀመሪያ ምትጠይቂው ነገር "የአለባበስ ደንቡን በወረቀት አሳዩኝ" ነው። በትህትና፣ ግን ጠይቂ። የተጻፈ ካለ አንብበሽ ታውቂያለሽ፣ ከሌለ ደግሞ ራሱ መልስ ነው፣ ያኔ "እሺ አስተካክላለሁ፣ እስከዚህ ቀን ጊዜ ስጡኝ፣ ልጁ ግን ይግባ" ማለት ትችያለሽ፣ ጤነኛ አስተዳደር ደግሞ እንቢ አይልሽም።

ህጉንም ስለጠየቅሽ ልንገርሽ። ህገ መንግስቱ አንቀጽ 36 ላይ ህጻናትን በሚመለከት በሚወሰን ነገር ሁሉ የህጻኑ ጥቅም መቅደም እንዳለበት ይላል፣ እዛው አንቀጽ ላይ በትምህርት ቤት አካልን ከሚጎዳ ቅጣት ነጻ የመሆን መብትም ተቀምጧል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የህጻናት መብቶች ኮንቬንሽንም አንቀጽ 28 ላይ የትምህርት ቤት ዲሲፕሊን የልጁን ሰብአዊ ክብር የጠበቀ እንዲሆን ያዛል። ይሄ ማለት ምን መሰለሽ፣ ሱሪው ጠበበ ብሎ የሱሪውን እግር በመቀስ መሰንጠቅ፣ ጸጉሩን ሰልፍ ፊት በመቀስ ማበላሸት፣ ጠጠር ላይ ማንበርከክ፣ በዱላ መምታት፣ እነዚህ "ሁሌም ሲደረግ የኖረ ነው" ቢባልም አይፈቀዱም። ልጅሽ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ እሱን ለብቻ በጽሁፍ አቅርቢ፣ ከሱሪው ጉዳይ ጋር አታደባልቂው። ከበር መመለሱ ደግሞ ቅጣት ነው ባይባልም ውጤቱን እይው፣ 9ኛ ክፍል መስከረም ላይ ሁሉም መምህር አዲስ ነው፣ ልጁ ከሌላ ከተማ የመጣ ነው፣ ሁለት ቀን ማትስና ፊዚክስ ካመለጠው መሰረቱን ነው ያጣው፣ በዛ ላይ ከበር የተመለሰ የ15 አመት ልጅ ሁሌ ቤቱ አይገባም፣ ፑል ቤት አለ ጫት ቤት አለ። እኔ ጥበቃዎቹን ሁሌ ምላቸው ስሙን ጻፉና አስገቡት ነበር፣ ሂሳቡን ውስጥ እናወራርዳለን።

አሁን ወደ ሱሪው። ሌላ ለማሰፋት አትቸኩዪ፣ መጀመሪያ ለኪው። ሱሪውን ጠረጴዛ ላይ ዘርጊና የእግሩን ጫፍ ከዳር እዳር ለኪ። 15 ወይ 16 ሳንቲ ከሆነ አዎ ጠባብ ነው፣ ምንም ቢባል ያናግራል። 20 ገደማ ከሆነ ማንም አይናገረውም። ከዛ ሱሪውን ገልብጪና ውስጥ ስፌቱ ጋ ሰፊው ምን ያህል ትርፍ ጨርቅ እንደተወ እይ። ጥሩ ሰፊ ለሚያድግ ልጅ ሲሰፋ በየስፌቱ 2 ሳንቲ ያህል ይተዋል። እንደዛ ከሆነ ግማሹን መልቀቅ ይቻላል፣ አንድ እግር ሁለት ስፌት አለው ስፌቱ ደግሞ ግራና ቀኝ ጨርቅ አለው፣ ስለዚ በየጎኑ 1 ሳንቲ ሲለቀቅ ዙሪያው በ4 ሳንቲ ይሰፋል፣ ጠረጴዛ ላይ ሲለካ 2 ሳንቲ ጨመረ ማለት ነው። ከ16 ወደ 18 ከመጣ ብዙ ጊዜ ያልፋል። ይሄ ለሰፊ የአንድ ሰአት ስራ አይሆንም፣ ዋጋውም ከአዲስ ሱሪ ጋር አይወዳደርም። በጎን በኩል ሌላ ጨርቅ አስገብቶ ማስፋት ሚሉት አለ፣ እሱን አልመክርሽም፣ መስመሩ ከሩቅ ይታያል፣ 9ኛ ክፍል ያለ ልጅ ደግሞ ጓደኞቹ ሚስቁበትን ሱሪ ከሚለብስ ቢቀር ይመርጣል።

ትርፍ ካልተወና አዲስ ግድ ከሆነ ግን እንዲህ አድርጊ። ቀለሙን በፎቶ አትግዢ፣ የስልክ ካሜራ ሰማያዊውን ሌላ ሰማያዊ ያደርገዋል፣ ብዙ ወላጅ የተሸወደው በዚ ነው። አክስቱ እዛው ትምህርት ቤት ሚማር የጎረቤት ልጅ ታፈላልግ፣ ሱሪው ሲያጥር የተቆረጠ ቁራጭ ካለ ያን ይዛ ፒያሳ ወይ ሰኞ ገበያ ካሉት ጨርቅ ቤቶች አጠገብ ለአጠገብ አድርጋ፣ ከሱቁ ወደ ደጅ አውጥታ በቀን ብርሃን ታመሳክር። ስፋቱ 1 ሜትር ከ50 የሆነ ጨርቅ ከሆነ የሱሪው ቁመት ላይ 20 እስከ 25 ሳንቲ ጨምሮ መግዛት ይበቃል፣ ማለትም ቁመቱ 1 ሜትር ለሆነ ሱሪ 1 ሜትር ከሩብ። ጠባቡን 90 ሳንቲ ወርድ ያለውን ከገዛሽ ግን ሁለት ቁመት ያስፈልጋል፣ በሜትር ርካሽ መስሎ መጨረሻ ላይ ያው ይሆናል ወይ ይበልጣል። ሰፊውን ደግሞ እግሩ ስር 5 ሳንቲ እጥፋት ይተው በይው፣ ጎኖቹ ላይ 2 ሳንቲ፣ ወገቡ ኋላ ላይም ትንሽ። በዚህ እድሜ ወንድ ልጅ በአመት ውስጥ 7፣ 8 ሳንቲ ሊመዘዝ ይችላል፣ ከገና በኋላ ቁርጭምጭሚቱ ሲታይ "ደግሞ አጠረ" ይባላል። ንጹህ ጥጥ ከሆነ ከመሰፋቱ በፊት ውሃ ይግባ፣ አለበለዚያ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል።

የጨርቁ አይነትም ደሴ ላይ ዋጋ አለው። ፖሊስተርና ጥጥ የተቀላቀለው (65 በ35 ሚባለው በብዛት ያለ ነው) ቶሎ ይደርቃል አይጨማደድም። ንጹህ የጥጥ ካኪ ጠንካራ ነው፣ ግን ደሴ ክረምት ወይም ጉም ባለበት ሰሞን በአንድ ሌሊት አይደርቅም። ይሄን በዋዛ እንዳታይው። አንድ ጠዋት በር ላይ አንዱን ልጅ ለምን ትንቀጠቀጣለህ ብዬ እጅጌውን ብይዘው ሹራቡ ውሃ ነው፣ ሱሪው ከጉልበቱ በታች ጨርቁ እግሩ ላይ ተጣብቋል፣ ማታ አጥቦ ሳይደርቅለት ለብሶት ነው የመጣው፣ ሌላ ስለሌለው። ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ ሚማር ልጅ ነበር፣ ቅዳሜ ሄዶ ስንቁን ይዞ ሚመለስ። ዩኒፎርሙ ግን ንጹህ ነበር፣ አርማው በቦታው፣ ቁልፉ እስከ ላይ የተቆለፈ፣ እኛ ከጠየቅነው ውስጥ አንድም አላጎደለም። ከዛ በኋላ ነው ለአስተዳደሩ ሁለተኛ ሱሪ ለሌለው ተማሪ በሳምንት አንድ ቀን በሌላ ንጹህ ልብስ ይግባ ብዬ የተሟገትኩት፣ ተፈቀደም። አንዳንዱ ወላጅ በከሰል ምድጃ ያደርቃል፣ ፖሊስተሩ ይቀልጣል፣ ከዛ በላይ ደግሞ ከሰል በዝግ ቤት ውስጥ ሰው ይገላልና እባካችሁ ለዩኒፎርም ብላችሁ ከሰል ይዛችሁ አትደሩ። ለአክስቱም ይሄን ንገሪልኝ።

ጃኬቱ። እዚህ ላይ ልጅሽ እውነቱን ነው። ኮምቦልቻ ከባህር ወለል 1,850 ሜትር ገደማ ነው፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ የሀረጎን ዳገት ወጥተሽ ስትደርሺ ከ600 ሜትር በላይ ወጥተሻል፣ ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ስለሚቀንስ በመኪና አንድ ሰአት በማይሞላ መንገድ ላይ 4 ዲግሪ ይጠፋል። በዛ ላይ የጦሳ ተራራ ንፋስና የጠዋቱ ጉም አለ፣ ህዳርና ታህሳስ ደግሞ ውርጩ። ለኮምቦልቻ አየር የተሰፋ ስስ ሸሚዝና ስስ ሹራብ ይዞ የመጣ ልጅ ጃኬት ቢደርብ ምን ይገርማል፣ ይበርደዋላ።

ትምህርት ቤቱስ ለምን ይከለክላል ካልሽኝ ምክንያት አለው፣ ዝም ብሎ ክፋት አይደለም። ጃኬቱ ዩኒፎርሙን ይሸፍናል፣ ሺዎች ሚማሩበት ግቢ ውስጥ ደግሞ ተማሪውን ከማይታወቅ ሰው ምትለይበት አንዱ መንገድ ዩኒፎርሙ ነው። ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ ደግሞ በር ላይ ያለው ጥንቃቄ ጨምሯል፣ ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ያየነውን አይተናል፣ አንቺም ታውቂዋለሽ። ያን ሰሞን ክፍሎቻችን የተፈናቃይ መኖሪያ ነበሩ፣ ትምህርት ሲመለስ ልጆቹ በለበሱት ነው የገቡት፣ ማንም ዩኒፎርም አልጠየቀም፣ ትምህርቱ ተካሄደ። ይሄን ማነሳው ዩኒፎርም አያስፈልግም ለማለት አይደለም፣ ሲያስፈልግ መላላት እንደሚቻል በተግባር ስላየነው ነው።

መፍትሄው ልብሱን ከውጪ ሳይሆን ከውስጥ መደራረብ ነው። ከሸሚዙ ስር ወፈር ያለ ካናቴራ ወይ ገላ ላይ ሚያዝ ስስ ሹራብ ይልበስ፣ አንገቱ ከኮሌታው እንዳይወጣ ብቻ። የትምህርት ቤቱን ሹራብ ስታሰሪ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ይሁን፣ ውስጡ ሌላ እንዲይዝ። ጃኬቱን መንገድ ላይ ይልበስ፣ በር ላይ ሲደርስ አውልቆ ቦርሳው ውስጥ ይክተት። ሰልባጅ ከሚሸጥበት በሹራቡ ቀለም ኮፍያ የሌለው ጃኬት ከተገኘም ብዙ ትምህርት ቤት ዝም ይላል፣ ግን ቀድማችሁ አሳዩ። ይሄ ላንቺ ልጅ ብቻ ሚሆን ጉዳይም አይደለም፣ ወመህ ስብሰባ ላይ "ከህዳር እስከ ጥር በዚህ ቀለም ጃኬት ይፈቀድ" ተብሎ ሊወሰን ይችላል፣ ወላጅ ካላነሳው ግን ማንም አያነሳውም። በየስብሰባው ሚመጣው ወላጅ እኮ ጥቂት ነው።

ጸጉርና ጫማ ላይ ብዙ አልልም፣ ጎኑን ተላጭቶ ምልክት ያስወጣበት ቁርጥና ከወገብ የወረደ ሱሪ ሁሉም ቦታ ያናግራል፣ ያንን ልጅሽ ራሱ ያውቀዋል። ጫማ ላይ ግን ኮንጎ ጫማ አድርጎ የመጣን ተማሪ ጥቁር ቆዳ ጫማ ካልሆነ ብሎ መመለስ ድህነቱን መቅጣት ነው፣ እዚህ ላይ አቋሜን አልቀይርም።

አዲስ አበባ ላይ በነጻ ነው ሚሰጡት እኛስ ሚል ጥያቄም ወርውረሻል። አዎ፣ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከ2012 ጀምሮ ለመንግስት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዩኒፎርም በነጻ ያቀርባል፣ ግን የራሱ የከተማው ፕሮግራም ነው፣ እኛ ጋ አያደርስም። እዚህ አቅም ለሌለው ትምህርት ቤቱ በበጎ አድራጊ ወይ በተማሪዎች ክበብ ሚሰበስብበት ጊዜ አለ። የአመቱ መጨረሻ ላይ 12ኛ ጨርሰው ሚወጡት ዩኒፎርማቸውን ለታናናሾቹ እንዲተዉ ማድረግ በጣም ጥሩ ነው፣ አክስቱ ሆምሩሙን (የክፍሉን ሃላፊ መምህር) ትጠይቅ፣ ንጹህ ሱሪ በልኩ ሊገኝ ይችላል።

የልጅቱ ሂጃብ። በዚህ አትጨነቂ፣ ወሎ ነሽ። ጸጉር መሸፈን አይከለከልም፣ ሚከለከለው ፊትን ሸፍኖ መግባት ነው፣ ምክንያቱም ፈተና ላይም በር ላይም ማንነቷ መታየት አለበት። ህገ መንግስቱ አንቀጽ 27 የእምነት ነጻነትን ያስቀምጣል፣ አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽእኖ ነጻ ሆኖ ይሰጥ ይላል፣ ሁለቱን አስማምቶ መሄድ ነው፣ ደሴ ውስጥ ደግሞ ሂጃብ ያደረገችውና ማተብ ያሰረችው አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ነው ሚማሩት። ሌላ ቦታ ነገሩ ሲከር አይተናል፣ በ2017 አክሱም ላይ ፍርድ ቤት እስከመድረስ ሄዷል፣ እኛ ጋ እንደዛ እንዳይሆን ሚያግዘው ቀለሙን ቀድሞ መስማማት ነው። ነጭ ወይ ከሹራቡ ጋር አንድ የሆነ ቀለም ግዢ፣ ጥለት የሌለው፣ ርዝመቱ ትከሻና ደረት ሚሸፍን ግን አርማውን ማይጋርድ፣ ወይ ደግሞ አርማው ከሂጃቡ ላይ ይሰፋ። ጨርቁ ሚንሸራተት ባይሆን ጥሩ ነው፣ ሙሉ ቀን ስታስተካክል ትውላለች፣ መርፌ ቁልፍም ለስፖርት ክፍለ ጊዜ አደጋ ስለሆነ በጭንቅላት ሚጠለቀው አይነት ይሻላታል። ስፖርት ባለባት ቀን ቱታው ላይ ረዘም ያለ ካናቴራ እንድትለብስ ካሁኑ ለመምህሩ ይነገር። ሁለት ግዢላት፣ አንዱ ሲታጠብ አንዱ።

"ወላጅ አምጣ" የተባለውን እንዲህ ጨርሺው። የግድ አንቺ መምጣት የለብሽም፣ ምዝገባው ላይ አሳዳጊ ተብላ የፈረመችው አክስቱ ከሆነች እሷ ወላጅ ናት፣ ካልፈረመች አጭር ማመልከቻ ጽፈሽ ፈርመሽ ላኪላት፣ ስልክሽን አስገቢበት። ሰልፍ ሰአት አትሂድ፣ ሁሉም ሩጫ ላይ ነው፣ ሁለተኛ ፔሬድ ከገባ በኋላ ትሂድ፣ መጀመሪያ ሆምሩም መምህሩን፣ ከሱ ጋር ዩኒት ሊደሩን ታግኝ። የተስተካከለውን ሱሪ ወይ ከሰፊ የተቀበለችውን ቀጠሮ ታሳይ፣ ሱሪው እስኪደርስ ለጥበቃው ሚያሳየው የፈቃድ ወረቀት ታስጽፍ። እዛ ካልተፈታ ምክትል ርእሰ መምህሩ፣ ከዛ ርእሰ መምህሩ፣ ከዛ ወመህ፣ ከዛ ሱፐርቫይዘሩ፣ መጨረሻ የከተማው ትምህርት መምሪያ፣ በዚህ ቅደም ተከተል። ብዙው ግን ሆምሩሙ ጋ ያልቃል፣ እመኚኝ።

ከመውጣቷ በፊት ደግሞ ልጁ በቀረባቸው ቀናት የተሰጠ ቴስት ወይ የቤት ስራ ካለ ትጠይቅ፣ ከበር ተመልሶ እንጂ በፍላጎቱ አልቀረም ብላ ማካካሻ ታስፈቅድለት፣ የቀሪ መዝገቡ ላይም ፈቃድ ተብሎ ይስተካከል። ኖቱን ከማን እንደሚቀዳ እዛው ሆምሩሙ አንድ ጎበዝ ተማሪ ያገናኘው፣ ማትሱን በተለይ ይሄን ሳምንት ሳያልፍ ይቅዳው።